የሚጥል በሽታ በቤታችን፦ ምን ብለን እንጠራዋለን? እንዴትስ እናወራዋለን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅት ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን በብዙ ሙስሊም ቤቶች ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከቤት ደጃፍ ወጥቶ የማይነገር ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የሚጥል በሽታ ነው። ዓላማችን የሕክምና ትምህርት መስጠት ብቻ አይደለም። ይበልጥ ማየት የፈለግነው ቤተሰብ ስለዚህ በሽታ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚነጋገር፣ ምን ስም እንደሚሰጠው፣ በስሙ ላይ ሳይስማማ ሲቀርም በታማሚው ላይ ምን እንደሚደርስ ነው።

አንድ ልጅ ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ ዓይኑ ሲገለበጥ፣ ከአፉም አረፋ ሲወጣ የተመለከተ ቤተሰብ በዚያው ቀን ማታ ክርክር ይጀምራል። አያት «ጂን ነክቶት ነው፤ በመግሪብ ሰዓት አመድ የተደፋበት ቦታ ረግጦ ነው» ይላሉ። አክስት «ዓይን ነው፤ ልጁን ያዩት ሰዎች ማሻአላህ አላሉም» ትላለች። ጎረቤት ጠጋ ብላ «ሲሕር አድርገውባችሁ እንዳይሆን» ብላ ታንሾካሹካለች። ከከተማ የመጣው አጎት ደግሞ «ይህ የአንጎል በሽታ ነው፤ ጂን ምናምን የምትሉት ተረት ነው» ብሎ ሁሉንም ያስቀይማል። አባት ዝም ይላል። እናት ልጇን አቅፋ የማንን ልስማ እያለች ትቀመጣለች።

ከዚያ በኋላ ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ያልፋሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሐሳብ ሲከላከል ልጁ መውደቁን አያቆምም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን «ከእነዚህ ሰዎች ማን ትክክል ነው?» የሚል ብቻ አይደለም። «ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ ለምን ይጠብቃል?» የሚልም ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ሐኪሞች የሚሉትን እንስማ። የሰው አንጎል ሥራውን የሚሠራው የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በሚለዋወጡት በጣም አነስተኛ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ይህ የመልእክት ልውውጥ ድንገት ሥርዓቱን ስቶ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲቀሰቀሱ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየውም ራሱን ይስታል። መቀስቀሱ የአንጎልን አንድ ክፍል ብቻ ከነካ ደግሞ ሰውየው ሳይወድቅ ለአፍታ ይፈዛል፤ ወይም አንድ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ከንፈሩን ያላምጣል፤ ወይም ሌላው የማያየውን ነገር ያያል፤ የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነው ቤተሰብን ይበልጥ የሚያስደነግጠውና «ሌላ ፍጡር ገብቶበታል» የሚያሰኘው። ያለ ሌላ አጣዳፊ ምክንያት እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ይሉታል።

መንስኤው ብዙ ነው። በምጥ ጊዜ የአየር እጥረት ያጋጠመው ሕፃን፣ ጭንቅላቱ ላይ አደጋ የደረሰበት፣ ማጅራት ገትር ወይም ወደ አንጎል የወጣ ወባ የያዘው፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ወይም እጢ የበቀለበት ሰው ኋላ ላይ በዚህ በሽታ ሊያዝ ይችላል። በዘር የሚመጣም አለ። በዓለም ላይ ካሉት ታማሚዎች በግማሽ ያህሉ ግን መንስኤው በምርመራ አይታወቅም። ሐኪሙ «ምክንያቱን አላገኘሁትም» ሲል ብዙ ቤተሰብ «እንግዲያው ጂን ነው ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ግን ትክክለኛ ድምዳሜ አይደለም። የብዙ በሽታዎች መነሻ አይታወቅም፤ መድኃኒታቸው ግን ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህም 80 ከመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት 60,820 ሰዎችን አዳርሶ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አግኝቷል። ይህም ከአንድ ሺህ ሰው ውስጥ 5 ሰው ማለት ነው። እስኪ ለጁሙዓ ሰላት አንድ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበትን መስጂድ አስቡ። በዚያ ሰፈር ቢያንስ ጥቂት ቤቶች ይህንን ሸክም ተሸክመው እየሰገዱ ነው። አጠገባቸው የቆመው ግን አያውቅም።

ስም የሌለው በሽታ

ልብ ብለን ካዳመጥን ብዙ ቤተሰብ በሽታውን በስሙ አይጠራም። «ያ ነገር መጣባት» ይባላል። «አመሟ ተነሣ» ይባላል። «ትንሽ ያዞረዋል» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል። ትምህርት ቤት ከወደቀ በማግስቱ ይቀራል፤ ለመምህሩ የሚነገረው ግን «ወባ ታሞ ነው» የሚል ነው።

ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው ልጁን ስለሚጠላ አይደለም። ስለሚወደውና ነገ ምን ይሉታል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ነገር ግን ልጁ ከዚህ ዝምታ የሚማረው ምንድን ነው? በሽታው ነውር መሆኑን ይማራል። እርሱ ራሱም ነውር መሆኑን ይማራል። ሲያድግ መድኃኒቱን ከሰው ፊት መዋጥ ያፍራል፤ አንድ ቀን ይዘላል፤ ሁለት ቀን ይዘላል፤ በሦስተኛው ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራም፤ ቀድሞም የሐኪም በሽታ አይደለም» ይላል። እንዲህ እያለ ዝምታው ራሱ ለክርክሩ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላም አለ። በሽታው ይተላለፋል የሚል ፍርሃት በብዙ ቦታ አለ። በአረፋው፣ በምራቁ፣ በትንፋሹ ይጋባል ይባላል። በዚህ ምክንያት ምድጃ ላይ የወደቀችን ሴት ለማንሣት ሰዎች ሲያመነቱ ፊቷ፣ እጇ ይቃጠላል። የሚጥል በሽታ በምራቅም፣ በአረፋም፣ በትንፋሽም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ለጎረቤት፣ ለልጆች፣ ለቤት ሠራተኛ መንገር ብቻ አንድን ሰው ከእሳት ሊያድን ይችላል።

ቀደምት ዑለሞችና ሐኪሞች ምን አሉ?

«ይህ የአንጎል በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር የፈረንጅ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከ2,400 ዓመታት በፊት ገደማ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሰዎች የተቀደሰ እያሉ የሚጠሩት ይህ በሽታ እንደማንኛውም በሽታ ተፈጥሯዊ መነሻ ያለው፣ ከአንጎልም የሚመጣ መሆኑ ተጽፏል። በሙስሊሙ ዓለምም ኢብን ሲና በታላቁ የሕክምና መጽሐፋቸው በአልቃኑን ውስጥ «ሰርዕ» ብለው ስለሚጠሩት ስለዚህ በሽታ የአንጎል በሽታዎችን በሚያብራሩበት ክፍል ጽፈዋል።

በሌላ በኩል «ሙስሊም ሆኖ ጂንን የሚክድ የለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ልክ ናቸው፤ ጂን መኖሩ በቁርኣን የተረጋገጠ እምነታችን ነው። ነገር ግን ጂን አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የወደቀ ሁሉ በጂን ወደቀ ማለት ሌላ ነገር ነው። በ751 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑል ቀይም ዛዱል መዓድ በተባለው መጽሐፋቸው ሰርዕን ሁለት ዓይነት አድርገው ከፍለውታል። አንደኛው ከክፉ መናፍስት የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአካል ውስጥ ካለ መታወክ የሚመጣና ሐኪሞች መንስኤውንና ሕክምናውን የሚናገሩበት ነው ብለዋል። በመናፍስት መኖር አጥብቀው የሚያምኑት እኚህ ዓሊም እንኳ ሁሉንም ወደ አንድ ከረጢት አልከተቱትም። ታዲያ እኛ በየትኛው ዕውቀታችን ነው አንድን ልጅ አንዴ ወድቆ አይተን ወዲያውኑ የምንፈርደው?

ያቺ ሴት

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ለተማሪያቸው ለዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ከጀነት ሰዎች የሆነችን ሴት ላሳይህን ብለው አንዲት ጥቁር ሴት ያሳዩአቸዋል። ይህች ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ እንደሚጥላትና ስትወድቅም ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እርሳቸውም ከፈለገች ታግሣ ጀነትን ልታገኝ፣ ከፈለገች ደግሞ አላህ እንዲያድናት ዱዓ ሊያደርጉላት እንደሚችሉ ምርጫ ሰጧት። መታገሥን መረጠች፤ ነገር ግን ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም። ከላይ የጠቀስናቸው ኢብኑል ቀይም የዚህች ሴት ሕመም ከሁለተኛው፣ ማለትም ከአካላዊው ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን ስለ ትዕግሥት ሲነገር ሰምተነዋል። ዛሬ ግን ስለ ቤተሰብ ንግግር ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት።

አንደኛ፣ ሴትየዋ ሕመሟን በራሷ አፍ ተናገረች። ሌላ ሰው ስለ እርሷ አልተናገረም፤ እርሷም አልሸሸገችም። በእኛ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ታማሚው ይናገራል፤ ታማሚው ብቻ አይጠየቅም።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው ብለው አልጠየቋትም፤ አልወቀሷትም፤ አልተጸየፏትም። ምርጫ ሰጧት፤ ምርጫዋንም አከበሩ።

ሦስተኛ፣ የለመነችው ክብሯ እንዲጠበቅ ነው። የፈለገችው በወደቀችበት ቦታ የሚሸፍናት ነበር፤ መኖሯን ግን አልሸፈነችም። ከሰው ተለይታ ጓዳ ውስጥ አልተደበቀችም፤ ኢብን ዐባስ በጣታቸው ጠቁመው ይህች ናት ሊሉ የሚችሉባት፣ በሰው መካከል የምትኖር ሴት ነበረች። እኛ መሸፈን ሲባል ሰውየውን መደበቅ አድርገን ወስደነዋል። ሐዲሱ የሚያስተምረን ግን ስትወድቅ ነጠላ ደርቦ መቆምን ነው።

«ታዲያ መታገሥ ከተሻለ ሐኪም ቤት ለምን እንሄዳለን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ግልጽ ነው። ትዕግሥቱን የመረጠችው ታማሚዋ ራሷ ናት። ማንም አባት ወይም ባል በሌላ ሰው ሰውነት ላይ ትዕግሥትን ሊመርጥ አይችልም። በዚያ ላይ እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም ማውረዱን መናገራቸው በሐዲስ መጻሕፍት የታወቀ ነው።

ሩቅያና መድኃኒት

ከዚህ በመነሣት በቤተሰብ መካከል ያለው ክርክር መፍትሔ የሌለው አለመሆኑን እንረዳለን። አያት ቁርኣን ይቀራበት ሲሉ ሸሪዓን አልጣሱም። በቁርኣንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓዎች የሚደረግ ሩቅያ የተፈቀደ ነው። አጎትም ሐኪም ቤት ውሰዱት ሲል ከእምነት አልወጣም። ስሕተቱ ሁለቱን ጠላት አድርጎ አንዱን ለመምረጥ ማስገደዱ ላይ ነው። አያትን «ተረት ነው» ብሎ ያዋረደ ሰው ልጁን ወደ ሐኪም ቤት አላቀረበውም፤ እንዲያውም በሩን ዘጋ። «የተናገሩት ዱዓ ይደረግለት፤ እርስዎም በእጅዎ ይዘው ይቅሩበት፤ ነገ ጠዋት ደግሞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ቢል ኖሮ አያት ራሳቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ይነሡ ነበር።

ሆኖም ድንበር አለው። አንድ ሰው «አስወጣለሁ» ብሎ ታማሚን የሚደበድብ፣ በሰንሰለት የሚያስር፣ በጭስ የሚያፍን፣ በእሳት የሚተኩስ፣ ምግብና ውኃ የሚከለክል ከሆነ ያ ሩቅያ አይደለም፤ በደል ነው። ከሁሉም በላይ «የሐኪም ኪኒኑን ካላቆማችሁ የእኔ አይሠራም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከዚያ ቤት ውጡ። የቁርኣን በረከት በኪኒን አይከለከልም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ መንቀጥቀጡ ያለ ማቋረጥ ሊቀጥልና ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም፤ የታወቀ የሕክምና እውነት ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አለ። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፌኖባርቢታል ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ዋጋውም ከሁሉም ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮዌት የተባሉትም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከተመረመሩና ከታከሙ ታማሚዎች 70 ከመቶ ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይገልጻል። ይሁንና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም። አንዱ ምክንያት የመድኃኒትና የባለሙያ እጥረት ነው። ሌላው ደግሞ ከእኛው ቤት የሚነሣ ነው።

መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ካልጣለው ሐኪሙ ቀስ በቀስ ስለማቆም ሊያስብ ይችላል፤ ቤተሰብ ግን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። በአገራችን ብዙ ታማሚዎች የሚታዩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት «ልጄ እብድ አይደለም» ብለው የሚመለሱ ወላጆች አሉ። የሚጥል በሽታ እብደት አይደለም፤ ክፍሉ ሕክምናውን የሚያውቅ ባለሙያ የሚገኝበት ቦታ በመሆኑ ብቻ ነው።

«ታስመስላለች» ስለሚባሉት

ክርክሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ አንድ ሁኔታ አለ። አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ይወድቃሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነገር ግን በምርመራ ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚያሳየው የአንጎል የኤሌክትሪክ መታወክ አይገኝባቸውም። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ በሁለት ይከፈላል። አንዱ «አላልኩም? ጂን ነው» ይላል። ሌላው «ታስመስላለች፤ ባል አልወደደችም፤ ሥራ ጠልታ ነው» ይላል።

የዛሬ ሐኪሞች ሁለቱንም አይሉም። ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሰውነትና አእምሮ ከከባድ ጭንቀት፣ ከሐዘን፣ ከደረሰ በደል ወይም ከሌላ ጫና የተነሣ ሥርዓታቸውን የሚስቱበት ነው። አንዳንድ ጊዜ ምንም ግልጽ ጫና ሳይኖርም ይመጣል። ታማሚዋ ፈልጋ አታደርገውም፤ ልታቆመውም አትችልም። ሕክምናው የሚጥል በሽታ ኪኒን ሳይሆን በባለሙያ የሚደረግ የምክክር ሕክምና ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። በተጨማሪም የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ አንድ ጊዜ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ የሚጥል በሽታ የለም አይባልም፤ ምርመራው የሚያየው በዚያች ሰዓት ያለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሐኪሙ ከሁሉም የሚጠቅመው ያየው ሰው ቃል ነው። እንዴት ጀመረ? ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? በየትኛው ወገን ጀመረው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከነቃ በኋላ ምን ሆነ? በስልክ መቅረጽ የሚችል ሰው ካለ፣ የታማሚውን ክብር ጠብቆ፣ ለሐኪም ብቻ ለማሳየት ቢቀርጸው ትልቅ እርዳታ ነው። ለሌላ ሰው ማሳየት ወይም መላክ ግን አማናን ማጉደል ነው።

ሲጥለው ምን እናድርግ?

በአገራችን የተለመደው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ነው። ቁልፍ ማስጨበጥ፣ ማንኪያ በጥርስ መካከል ማስገባት፣ ውኃ መርጨት፣ አጥብቆ መያዝም አለ። ከእነዚህ አንዱም መንቀጥቀጡን አያቆምም። ክብሪት አፍንጫን ያቃጥላል፤ ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፤ ውኃ ሊያንቅ ይችላል። ልናደርግ የሚገባን የሚከተለውን ነው።

ከእሳት፣ ከውኃና ስለት ካለው ነገር እናርቀው። ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ልብስ እናድርግ። የአንገት ልብሱን እናላላ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ ምራቁ እንዲወጣና ትንፋሹ እንዳይታፈን በጎኑ እናስተኛው። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አናስገባ። ገላው ከተገለጠ እንሸፍነው። ሰዓት እንይ፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ። ሲነቃ ሰው ከብቦት እንዳያገኝ እናድርግ፤ ስሙን ጠርተን «አይዞህ፣ አልፏል፤ ከእኛ ጋር ነህ» እንበለው።

በቤት ውስጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ በሽታ ያለባት ሴት ብቻዋን ምጣድ ላይ ባትቀመጥ፣ ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ ብቻዋን ውኃ ባትቀዳ፣ ገላዋን ስትታጠብ በሩን ከውስጥ ባትቆልፍ መልካም ነው።

ረመዳንና መድኃኒት

በየዓመቱ በረመዳን የሚደጋገም ችግር አለ። ታማሚው ከሰው እንዳያንስ መድኃኒቱን ትቶ ይጾማል፤ ሌሊት በሰላትና በሱሑር ምክንያት እንቅልፍ ያጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል። የመድኃኒት መዘለልም ሆነ የእንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው። ጫት ቅሞ ሌሊቱን ማንጋትም እንዲሁ እንቅልፍን ይነሣል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ጾምን በሌሎች ቀናት እንዲተካ ፈቅዷል፤ ፈጽሞ መጾም የማይችልም በፊድያ የሚተካበት ሁኔታ በፊቅህ ተብራርቷል። ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። አንዳንዱ መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ሐኪሙ ሊፈቅድ ይችላል፤ ሌላው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ሊከለክል ይችላል። ከዚያም በሐኪሙ ቃል መሠረት ዓሊሙን እንጠይቅ። ቤተሰብ ደግሞ በተፈቀደለት ቀን የሚበላውን ሰው «ወንድሞችህ እየጾሙ አንተ ትበላለህ?» እንዳይለው። አላህ የሰጠውን ፈቃድ እኛ መንፈግ የለብንም።

ጋብቻ ሲመጣ

ምናልባት ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ልጅቷ ለጋብቻ ስትደርስ ቤተሰብ ተሰብስቦ «እንንገር ወይስ እንደብቅ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መደበቅ ያሸንፋል። ልጅቷ መድኃኒቷን በልብስ ሣጥን ሥር ሸሽጋ ትሄዳለች፤ ባሏ እንዳያይ እየፈራች ትዘላለች፤ አንድ ሌሊት ይጥላታል። ባል ይደነግጣል፤ ቤተሰቡ «አታለላችሁን» ይላል፤ ሰዎች ለሽምግልና ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ጋብቻውን ያፈረሰው በሽታው ነው ወይስ ድብቅብቁ?

ጋብቻ አማና ነው። ለትዳር የሚፈላለጉ ሰዎች አብሮ ለመኖር አስፈላጊ የሆነውን ነገር መተዋወቅ አለባቸው፤ ሸፍኖ መስጠት በኢስላም የተወገዘ ማታለል ነው። በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቤት ያስተዳድራሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ነገር ግን እንደ ቫልፕሮዌት ያሉ መድኃኒቶች ፅንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ ከማርገዝ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ግዴታ ነው፤ በድብቅ የተዳረች ሴት ደግሞ ይህንን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ በቤተሰብ ሽማግሌ በኩል፣ ሳይጋነን፣ ሳይደበቅ፣ «ይህ ሕመም አለባት፤ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሁኔታዋ እንዲህ ነው» ተብሎ ይነገር። የሚሄድ ይሄዳል። የሚቀረው ግን አውቆ የቀረ ነው።

ለልጁ ምን እንበለው?

በመጨረሻ ወደ ልጁ እንምጣ። ልጆች ከምናስበው በላይ ይሰማሉ። በጓዳ የምንከራከረውን ሰምቶ «በውስጤ ሸይጧን አለ» ብሎ ያመነ ልጅ ሰላት ላይ ሲቆም ይፈራል፤ ቁርኣን ሲቀራበት ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ይጠላል። ስለዚህ በሚገባው ቋንቋ እንንገረው፦ አንጎሉ አንዳንድ ጊዜ እንደሚደክም፣ ይህ የእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ አላህ እንደማይጠላው፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እንደሚወስድና እኛም ዱዓ እንደምናደርግለት። መምህሩም ይወቅ፤ የመድረሳ ኡስታዙም ይወቅ። ሲወድቅ ክፍሉ ሁሉ ከሚሮጥ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢቀርበው ይሻላል። በሰላት መካከል ከወደቀም ሲነቃና ሲረጋጋ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል እንጂ «ሰላት አበላሸህ» አይባልም።

አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ይህ ክርክር ካለ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ሁላችሁም ተቀመጡ፤ ማን ትክክል ነው የሚለውን ለጊዜው ተዉት፤ ታማሚውን ራሱን «አንተስ ምን ይሰማሃል? ምን እንድናደርግልህ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያቺ የጀነት ሴት ተጠይቃ መልሳለች፤ የእናንተም ልጅ የሚመልሰው አያጣም።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያድን፤ ለሚያስታምሙት ብርታት ይስጥ፤ አንደበታችንን ከሚያቆስል ንግግር ይጠብቅ። አሚን። ወላሁ አዕለም።